ፍሬድሪክ ኤድዊን ቸርች፤ የእሳተ ገሞራ ሠዓሊ

የመስክ ደብተራችንን ከፍተን ከፊታችን ያለውን ገደል ወይም የእሳተ ገሞራ አፍ በእርሳስ መንደፍ ስንጀምር፣ ቀድሞ ያላየነው ስንጥቅና ያላስተዋልነው የድንጋይ ንብርብር ብቅ ይላል። ይህን የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁታል። ፎቶግራፍ ማንሻ በየኪሱ በገባበት በዛሬው ዘመን ግን ልማዱ እየቀረ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ጋር ዝምድና ያለው የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከሥነ ምድር ሊቃውንት አንዱን ትቼ ሠዓሊ የመረጥሁት ስለዚህ ነው። ሰውየው ሥነ ምድርን በትምህርት ቤት አልተማረም። ይሁን እንጂ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የአንዲስን ተራሮችና እሳተ ገሞራዎች እንደ እርሱ ተግቶ የተመለከተ ሠዓሊ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፍሬድሪክ ኤድዊን ቸርች በሰሜን አሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ ግንቦት 4 ቀን 1826 ተወለደ። አባቱ በብርና በጌጣጌጥ ሥራና ንግድ የከበረ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጁ እንደ ብዙዎቹ ሠዓልያን የዕለት እንጀራ አላስጨነቀውም። በ1844፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ሳለ፣ በዘመኑ ከአሜሪካ የመልክዓ ምድር ሠዓልያን ሁሉ የላቀ ስም ከነበረው ከቶማስ ኮል ዘንድ ገብቶ፣ በሃድሰን ወንዝ አጠገብ በካትስኪል ሁለት ዓመት ተማረ። ኮል መልክዓ ምድርን የሚሥለው ምሳሌ ሊናገርበት ነበር፤ ተራራውም ዛፉም በእርሱ ሸራ ላይ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ የሚሰብኩ ነበሩ። ተማሪው ከመምህሩ ታላቅ ሐሳብን በታላቅ ሸራ ላይ የማስፈርን ድፍረት ወረሰ። ዓይኑ ግን የራሱ ነበር። ኮል በሞተበት በ1848 ቸርች በኒው ዮርክ ለታወቀው የሥነ ሥዕል አካዳሚ ተባባሪ አባልነት ተመረጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ሙሉ አባል ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት ነበር።

የቸርችን ሕይወት የለወጠው ግን ሠዓሊ ሳይሆን አንድ የሳይንስ ሊቅ ነው። የፕሩሲያው ተወላጅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከ1799 እስከ 1804 በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ተዘዋውሮ፣ በ1802 በዚያ ዘመን የዓለም ቁንጮ ነው ይባል የነበረውን የቺምቦራሶን ተራራ ከ5,500 ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ ጫፉ ሳይደርስ ተመልሷል። ከዚህ ጉዞ ያተረፈው ትልቁ ሐሳብ፣ ተራራ ከግርጌው እስከ አናቱ ሲወጣ የእጽዋቱና የአየሩ ጠባይ በሥርዓት እንደሚለወጥና፣ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለው ልዩነት ሁሉ በአንድ ተራራ ላይ ተጠቃሎ እንደሚገኝ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬያችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ምድሩን ከከፈለ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ የሚዘራውንም በዚያው ልክ ሲመርጥ ኖሯል። ለአውሮፓው አንባቢ ግን ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ሁምቦልት ኮስሞስ በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ጥራዝ፣ በ1847፣ ሠዓልያን ከአውሮፓ ሜዳ ወጥተው ወደ ሞቃታማው አገር ተራሮች እንዲሄዱና ያንን ሁሉ ሀብት በዓይናቸው አይተው እንዲሥሉ አሳሰበ። መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ አሜሪካ ሲደርስ ካነበቡት ወጣቶች አንዱ ቸርች ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጥሪ አንብቦ ያደንቅና መጽሐፉን ከመደርደሪያው ይመልሰዋል፤ ቸርች ግን ጓዙን ጠቀለለ።

በ1853 የጸደይ ወራት ሳይረስ ፊልድ ከተባለ ነጋዴ ጋር ጉዞ ጀመረ። ይህ ፊልድ በኋላ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የቴሌግራፍ ሽቦ በማዘርጋት ስሙ የገነነው ሰው ነው። ሁለቱ የማግዳሌናን ወንዝ ተከትለው ወደ ቦጎታ ወጡ፤ ከዚያም በበቅሎ ወደ ኪቶ ተሻገሩ፤ በየደረሱበትም የሁምቦልትን ፈለግ ተከተሉ። ቸርች በዚህ ጉዞ ቺምቦራሶንና ኮቶፓክሲን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ቺምቦራሶ ዛሬ 6,263 ሜትር፣ ኮቶፓክሲ 5,897 ሜትር ከፍታ እንዳላቸው ይታወቃል። የመጀመሪያው ለረጅም ዘመን ጸጥ ያለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዛሬም ሕይወት ያለው እሳተ ገሞራ ነው። ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ በሻንጣው የያዘው በእርሳስና በዘይት ቀለም የተሠራ የንድፍ ክምር ነበር። በብዙዎቹ ንድፎች ላይ የደመናውን ቀለም፣ የጥላውን አቅጣጫ፣ የቅጠሉን ዓይነት በአጫጭር ቃላት ጽፎባቸዋል። ድንጋይ ሰብስበን ቁጥር ከምንለጥፍበት ልማድ ብዙም የሚለይ አይደለም።

በ1855 የኢኳዶር አንዲስ የተባለውንና የመጀመሪያዎቹን የኮቶፓክሲ ሥዕሎች ለሕዝብ አሳየ። በእነዚህ የመጀመሪያ ሥዕሎች ላይ ኮቶፓክሲ ሰላማዊ ነው፤ ነጭ በረዶ ለብሶ፣ ከአናቱ ቀጭን ጢስ እያወጣ፣ ከለምለሙ መስክ በላይ በሩቁ ይታያል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን እሳተ ገሞራው እዚያ ያለው ለጌጥ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ቸርች ራሱም ይህ የተሰማው ይመስላል። በ1857፣ የናያጋራን ፏፏቴ የሣለበት ትልቅ ሸራ ስሙን በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ባስጠራበት ዓመት፣ ሉዊ ሚኞ ከተባለ ሠዓሊ ጋር ወደ ኢኳዶር ተመለሰ። ይህ ሁለተኛ ጉዞ ሁለት ወር ተኩል ያህል የፈጀ ነበር። በሐምሌ ወር የሳንጋይን እሳተ ገሞራ ለማየት ወደ ምሥራቁ የአንዲስ ጫፍ ተጓዘ። ሳንጋይ ከዓለም እሳተ ገሞራዎች ዕረፍት ከማያውቁት አንዱ ሲሆን፣ አካባቢው በጉም የተሸፈነ፣ ጭቃውም በቅሎ የሚያሰጥም ነው። ሠዓሊው በዚያ ብርድና ጉም ውስጥ ተቀምጦ፣ ጉሙ ሲገለጥ የጢሱን ዓምድ አወጣጥ እየተከተለ ነደፈ። ጥቁሩ ጢስ እንዴት እንደሚጠቀለል፣ የምሽት ፀሐይ ጎኑን እንዴት እንደምታቀላው፣ ነፋስ ሲያገኘው ወዴት እንደሚያዘነብል በንድፉም በማስታወሻውም አሰፈረ። ከዚህ ቀን በኋላ በሚሥላቸው እሳተ ገሞራዎች ላይ ያለው ጢስ የተፈጠረ ጢስ አይደለም።

የጉዞው የመጀመሪያ ፍሬ በ1859 የተፈጸመው የአንዲስ ልብ የተባለው ሥዕል ነው። ቁመቱ 168፣ ወርዱ 303 ሳንቲ ሜትር ነው። በኒው ዮርክ በአሥረኛው መንገድ ስቱዲዮ ሕንፃ ውስጥ ለብቻው ሲታይ፣ ክፍሉ ጨልሞ፣ ብርሃን በሸራው ላይ ብቻ እንዲወድቅ ተደርጎ፣ ዙሪያው እንደ መስኮት በተሠራ ከባድ የእንጨት ፍሬም ተይዞ ነበር። ተመልካቹ በቴያትር መነጽር እያንዳንዷን ቅጠል እንዲመረምር ይመከር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ12,000 በላይ ሰዎች ሃያ አምስት ሳንቲም እየከፈሉ አዩት። ሥዕሉም በ10,000 ዶላር ተሸጠ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወት ላለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም።

በዚህ ሥዕል ላይ ዓይን ከግርጌው ሲነሣ ሐረግና አበባ ከሞላበት ቆላ ይጀምርና፣ በፏፏቴው ላይ አልፎ፣ በመካከል ያለውን ወይና ደጋ ከነመንደሩ ተሻግሮ፣ በራቁቱ ደጋ ላይ ይወጣና በግራ በኩል በሩቅ ከሚታየው ከቺምቦራሶ በረዶ ይደርሳል። የሁምቦልት ሐሳብ በሙሉ በአንድ ሸራ ላይ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን ጨብጦ የሚያሳይ ቦታ በኢኳዶር ምድር ላይ የለም። ዛፉ ከአንድ ስፍራ፣ ፏፏቴው ከሌላው፣ ተራራው ከሦስተኛው የመጣ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በእውነት የታየና የተጠና ሲሆን ጥምረቱ ግን የሠዓሊው ፈጠራ ነው።

ይህ ውሸት ነውን? ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ይህን ጥያቄ ሳነሣላቸው ያለ ማመንታት ነው ይላሉ። እኔ ግን በየመማሪያ መጽሐፋችን የምናሰፍረውን የምድር ቁራጭ ንድፍ አስታውሳለሁ። ከአሥር ቦታ የተለካውን የድንጋይ ንብርብር በአንድ መስመር አሰልፈን ስናቀርብ፣ ያንን ግድግዳ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ተማሪው ግን ከእርሱ ይማራል። ቸርች ያደረገው ይህንኑ ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በሥዕሉ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ነገሩ በዝቶበታል። እያንዳንዷ ቅጠል ለእኔ ተመልከት እያለች ተራራው ድምፁን ያጣል።

ቸርች ሥዕሉን ወደ በርሊን ልኮ ለሽማግሌው ሁምቦልት ለማሳየት አስቦ ነበር። ሕዝቡ በኒው ዮርክ ሸራውን ለማየት ተሰልፎ ሳለ፣ ግንቦት 6 ቀን 1859 ሁምቦልት በዘጠናኛ ዓመቱ ዋዜማ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የዳርዊን መጽሐፍ ስለ ፍጥረታት ዝርያ አመጣጥ ወጣ። ዳርዊንም በወጣትነቱ ለጉዞ የተነሣው የሁምቦልትን መጽሐፍ አንብቦ ነበር። አንዱ አንባቢ ከዚያ መጽሐፍ ተነሥቶ ፍጥረት ሁሉ በአንድነት የተስማማበትን ዓለም ሣለ፤ ሌላው ፍጥረት ከፍጥረት ለኑሮ የሚታገልበትን ዓለም ገለጠ። ሁለቱ ሥራዎች የወጡት በሰባት ወር ልዩነት ነው።

ቸርች በዚሁ ዓመት ክረምት ወደ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ባሕር ሄዶ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮችን ከትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ነደፈ። በ1860 ኢዛቤል ካርንስን አገባ። ከበረዶው ጉዞ የወጣው ትልቅ ሥዕል በሚያዝያ 1861 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። የመግቢያው ገንዘብ ለሰሜኑ ወታደሮች ቤተሰብ መርጃ ተሰጠ። ሥዕሉን ግን ያን ጊዜ የገዛው አልነበረም።

የጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ጄምስ ሌኖክስ የተባለ ባለጸጋ ባዘዘው መሠረት፣ ቸርች ኮቶፓክሲን እንደ ገና ሣለው። በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ወርዱ 216፣ ቁመቱ 122 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ዛሬ በዲትሮይት ከተማ ሙዚየም ይገኛል። የ1855ቱ ለምለም መስክ ጠፍቷል። ከፊት ለፊት የተሰነጠቀ ገደልና ወደ ጥልቁ የሚወረወር ውሃ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ሐይቅ አለ፤ በግራ በኩል ሾጣጣው ተራራ ጥቁር ጢስ ወደ ሰማይ ይልካል። ጢሱ ወጥቶ ወጥቶ በነፋስ ሲገፋ ሰማዩን እየጋረደ ይዘረጋል፤ በመጋረጃው ውስጥ ፀሐይ እንደ ጋለ ብረት ቀልታ ትታያለች፤ ሐይቁም ቀለሟን ይቀበላል።

በሙያ ዓይን ስናየው የሚመሰገንም የሚነቀፍም አለው። የሁምቦልት የኮቶፓክሲ ምስል ተራራውን ከእውነተኛው ይልቅ ሾጣጣ አድርጎ አሳይቶ ነበር፤ ቸርች የጎኑን ዝንባሌ ወደ ተፈጥሮው መልሶታል። የአመዱ ደመና አካሄድ የሳንጋይ ትምህርት ውጤት ነው፤ መጀመሪያ በራሱ ኀይል ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ኀይሉ ሲደክም ለነፋስ ይገዛል። አንዳንድ የዘመኑ ሰዎች የፀሐዩ ቀለም ተጋንኗል ብለው ይሆናል። ነገር ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1880፣ እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ኤድዋርድ ዊምፐር በቺምቦራሶ ላይ ሳለ ኮቶፓክሲ አመድ ሲተፋ አየ፤ ደመናው በፀሐይና በእርሱ መካከል ሲገባ የሰማዩ ቀለም ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ደምና ወደ መዳብ መልክ ሲለዋወጥ መዝግቧል። ሠዓሊው አላጋነነም ነበር።

የሚነቀፈው ሌላ ነው። በሥዕሉ ላይ የሚያስፈራው እሳትና ጢስ ነው። የኮቶፓክሲ ዋና ጠላትነት ግን ከበረዶው ጋር ሲጣመር ነው። ሰኔ 26 ቀን 1877 ተራራው ሲፈነዳ የጋለው አመድና ድንጋይ በበረዶው ላይ ፈሰሰና አቀለጠው፤ ከዚያ የተነሣው የጭቃ ጎርፍ በየወንዙ ወርዶ የላታኩንጋን አካባቢ ጠረገ፤ በሰሜን በኩል የወረደውም እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ደረሰ። ቸርች ያንን ንጹሕ ነጭ በረዶ ሲሥል የሞት ማከማቻ መሆኑን አላወቀም፤ ከዘመኑ ሊቃውንትም ይህን በሚገባ የተረዱት ጥቂቶች ነበሩ። ተራራው ከብዙ ዓመታት ጸጥታ በኋላ በ2015 እንደ ገና አመድ ሲተፋ የኢኳዶር ባልደረቦቻችን ከሁሉ በፊት የተጨነቁት ለዚሁ የጭቃ ጎርፍ ነበር።

ሥዕሉን በ1863 ያዩ አሜሪካውያን ስለ ተራራ ብቻ አላሰቡም፤ አገራቸው በእሳት ላይ ነበረች። ቸርች ራሱ ጦርነቱን ልሣል ብሎ ይነሣ አይነሣ አልከራከርም። ጢሱና ፀሐዩ በአንድ ሰማይ ላይ እኩል ተፋጠው መቆማቸውን ግን ማንም ያያል።

ከዚያ በኋላ መከራው ወደ ቤቱ ገባ። በመጋቢት 1865 ሄርበርትና ኤማ የተባሉት ሁለት ሕፃናት ልጆቹ ዲፍቴሪያ በተባለው የጉሮሮ በሽታ በቀናት ልዩነት ሞቱ። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ጃማይካ ሄዱ፤ በዚያም ቸርች ቀኑን ሙሉ ደመናና ተራራ፣ ዘንባባና ፈርን ሲነድፍ ይውል ነበር። ከጃማይካ ንድፎች እንደ ገና ያ የአንዲስ ሰማይ ተወለደና በ1866 የዝናም ወራት በሞቃታማው አገር የተባለው ሥዕል ተፈጸመ፤ ከዳር እስከ ዳር ድርብ ቀስተ ደመና የተዘረጋበት ነው። በዓይን የሚታይ እርጥበት ያለው ሥዕል ነው። ከኮቶፓክሲ እስከዚህ አራት ዓመት ብቻ ነው ያለው።

በኋላ ሌሎች ልጆች ተወለዱለት። ከ1867 እስከ 1869 ቤተሰቡን ይዞ በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ ተጓዘ፤ ኢየሩሳሌምን፣ ደማስቆን፣ አቴናን አየ፤ ፔትራንም በግመል ደርሶ ነደፈ። ሲመለስ በሃድሰን ወንዝ ዳር ከኮረብታ ላይ፣ ኦላና ያለውን ቤት ከአርክቴክቱ ከካልቨርት ቮክስ ጋር መክሮ በፋርስ አሠራር መልክ ገነባ። ቦታው ቀድሞ በተማረበት በካትስኪል አንጻር ነው።

ከ1876 ጀምሮ ቁርጥማት ቀኝ እጁን ያዘው። ብሩሹን በግራ እጁ መያዝ ተለማመደ፤ ክረምቱን ለሙቀቱ ሲል በሜክሲኮ ያሳልፍ ነበር። ትላልቅ ሸራዎችን ግን መሥራት አልቻለም። በሽታው ብቻ አይደለም፤ ዘመኑም ጥሎት ሄደ። ገዢዎች ለስላሳና ጭጋጋማ የሆነውን የፈረንሳይ ሥዕል ወደዱ፤ ቅጠል በመነጽር የሚመረመርበት ሥዕል እንደ አሮጌ ፋሽን ተቆጠረ። ሚስቱ በ1899 ሞተች፤ እርሱም ሚያዝያ 7 ቀን 1900 በኒው ዮርክ ዐረፈ። ትልቁ የኒው ዮርክ ሙዚየም በዚያው ዓመት የመታሰቢያ ትርኢት ቢያዘጋጅለትም ስሙ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተዘነጋ።

ኦላና በ1960ዎቹ ሊሸጥ ሲል ዴቪድ ሃንቲንግተን የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ቀስቅሶ፣ በ1966 የኒው ዮርክ ግዛት እንዲገዛው አስደረገ። በ1861 በአገሩ ገዢ ያጣው የበረዶ ተራሮች ሥዕል ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ጠፍቶ ኖሮ፣ በ1979 በማንቸስተር ከወንዶች ልጆች ማሳደጊያ በሆነ ቤት ውስጥ ተገኘና በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ጊዜ ገደማ፣ ከኦላና ፊት ለፊት በወንዙ ማዶ የአቶም ኀይል ማመንጫ ለመሥራት ታቅዶ ነበር፤ የቁጥጥር ባለሙያዎች ከሠዓሊው ቤት የሚታየውን መልክዓ ምድር ያበላሻል ብለው ተቃወሙ፤ ማመንጫውም ሳይሠራ ቀረ።

ልጁ ሉዊስ በ1917 ከ2,000 የሚበልጡ የአባቱን ንድፎች በኒው ዮርክ ለሚገኝ ሙዚየም ሰጥቷል። ቸርች ብዙዎቹን ለሽያጭ አላቀረባቸውም፤ የሥራ መሣሪያዎቹ ነበሩ። በእርሳስ የተነደፈ ተራራ፣ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ የቀለም ስም፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ የጢስ ዓምድ፤ የኛን የመስክ ደብተር የሚያውቅ ሰው ሲያያቸው አይደነግርም።